ልጄ የራሱን ጉድጓድ ሥሎ አገኘሁ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ 10ኛ ክፍል ነው። በትምህርቱ ምንም አይልም፣ ጠባዩም ጥሩ ነው። ባለፈው ጥር እናቴ ዐረፈች። ልጄን ያሳደገችው እሷ ናት፤ እኔ ሥራ ስውል እሱ ከእሷ ጋር ነበር የሚውለው። ከቀብሩ ወዲህ ማታ ማታ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የጃፓኖችን አስፈሪ ኮሚክ ያነባል። አንድ ሁለቴ ከጀርባው ቆሜ አየሁት። ፊቱ የተጣመመ ሰው፣ ከጨለማ የሚወጣ እጅ፤ እኔ ራሴ እንቅልፍ አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ሥዕል አገኘሁ። ተራራ ነው። ተራራው የሰው ቅርጽ ባላቸው ቀዳዳዎች ተሞልቷል። አንዱ ቀዳዳ ቁመቱም ትከሻውም ቁርጥ እሱን ነው፤ ከሥሩ «ይቺ የእኔ ናት» ብሎ ጽፎበታል። በድንጋጤ ቀደድኩት። ምን ማለትህ ነው ብዬ ብጮኽበት፣ «እማዬ፣ የአያቴም ጉድጓድ በልኳ አይደል የተቆፈረው? ሁላችንም አለን እኮ። ታዲያ ለምንድን ነው የምንኖረው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከ«እሺ» እና ከ«በልቻለሁ» በቀር ቃል አይወጣውም።

ጎረቤቴ መንፈስ ነው፣ ጠበል ውሰጂው ትለኛለች። ባለቤቴ ስልኩን ቀሚውና ይለይለት ይላል። የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው፦ ልከልክለው ወይ? ለጥያቄውስ ምን ብዬ ልመልስለት?

የጨነቃት እናት፣ ከገርጂ

መልስ፦

እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ታላቅሽ ሳልሆን አልቀርም፤ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት፤ ሦስቴም ዓይኔ «በልኳ አይደል የተቆፈረው» የሚለው ላይ ቀረ። ልጅሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ምናልባትም ከወንዶቹ ጋር አፈር አልብሷል። የእኛን አገር ቀብር ታውቂዋለሽ። ቆፋሪው በዘንግ ይለካል፤ ጠበብ ካለ «እዚህ ጋ ትንሽ ጨምር» ይባልና እንደገና አካፋ ይነሣል። እኛ ሴቶቹ በለቅሶ ላይ ስለሆንን ይህን አናየውም። ዝም ብሎ የቆመ ልጅ ግን ያያል። ከዚያ ወደ ቤት፣ እጅ መታጠብ፣ ንፍሮ፣ ድንኳን፣ ሠልስት። የመጣው ሁሉ አንቺን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይልሻል። ያሳደገችውን አያቱን ያጣ ልጅ ግን «ወንበር አቀብል፣ ውኃ አምጣ» ነው የሚባለው። እሱም ወንበሩን አቀበለ፣ ውኃውን አመጣ፣ ማታ ደግሞ ስልኩን ከፈተ።

እዚያ ያገኘውን ታሪክ እኔም አውቀዋለሁ። የእህቴ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወፍራም ጥቁርና ነጭ መጽሐፍ ትታልኝ ሄደች። ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ያሳየችኝም እሷ ናት። «የአሚጋራ ስንጥቅ እንቆቅልሽ» ይባላል፤ አጭር ነው፣ ቡና ፈልቶ ሳያልቅ ታነቢዋለሽ። የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ተራራ ይሰነጥቃል። በስንጥቁ ገደል ላይ ቁጥር ስፍር የሌላቸው የሰው ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች ይታያሉ። ዜናው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ከዚያ ከየከተማው ሰዎች እየተነሡ ወደ ተራራው ይጎርፋሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቅርጽ አይተዋል። አንዱ «ይሄ ቀዳዳ ለእኔ የተሠራ ነው» ይልና ልብሱን አውልቆ ይገባል። ቀዳዳው ለልኩ ነው፤ ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ ጣቱ ሳይቀር ይገጥማል። ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መውጣት አይቻልም። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ግን ቀዳዳው እየተጣመመ ይሄዳል፤ ሰውየውም አብሮት።

የሣለው ጁንጂ ኢቶ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጃፓን ውስጥ ጊፉ በሚባል ግዛት ተወለደ። ሥዕል እንጀራው ከመሆኑ በፊት የጥርስ ቴክኒሺያን ነበር። ይህን ሳውቅ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። የሰው አፍ ልክ ተወስዶ ሲመጣለት፣ ለዚያ አፍ ብቻ የሚሆን፣ ለሌላ የማይገጥም ጥርስ ሲሠራ የነበረ እጅ ነው እነዚያን ቀዳዳዎች የሣላቸው። መስመሩን ቀርበሽ ብታዪው ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጨለማውን በአንድ ጊዜ በቀለም አይደፍነውም፤ ጭረት በጭረት ይደራርበዋል። የሚያስደነግጠውን ሥዕል ደግሞ ገጹን ስትገልጪ ብቻ በምታይው ቦታ ያስቀምጠዋል። እጅሽ ገጹ ጫፍ ላይ ሆኖ «ልግለጥ? አልግለጥ?» ትያለሽ። ከዚያ ትገልጪዋለሽ።

እኔን ከሁሉ ያስፈራኝ ማንም ሳይገፋቸው መግባታቸው ነው። 26 ዓመት ነርስ ነበርኩ። እናቴ ወሎ ታማ ተኝታ ሳለ «ዋርዱን ጥዬ አልሄድም፣ እኔ የተፈጠርኩት ለዚህ ነው» ብዬ ቀረሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ፈቃድ ብጠይቅ ይሰጠኝ ነበር። በሁለተኛው ወር መርዶ መጣ። ይህን ለሰው አውርቼው አላውቅም። ያን ኮሚክ ያነበብኩ ዕለት ግን ሌሊቱን ቁጭ ብዬ፣ በገዛ እግሬ የገባሁባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ስቆጥር አደርኩ። ስንቱን ነገር «ለእኔ የተሠራ ነው» ብዬ ሳልጠይቅ እንደገባሁበት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስብከትም ምክርም ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ሌሊት ራሴን ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ልጅሽ «ታዲያ ለምንድን ነው የምንኖረው?» ሲልሽ ኮሚኩ አበላሸው አትበይ። ጥያቄውን መቃብሩ ዳር ይዞት መጥቷል። ኮሚኩ ጥያቄውን የሚያይበት ሥዕል ሰጠው።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በላዔ ሰብእን አስቢ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ሳታዪው አላደግሽም። ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ የገዛ ቤተ ሰቡን ያልማረ ሰው። እኔ ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ለኪዳነ ምሕረት ስሄድ ዓይኔን ከዚያ ግድግዳ ማንሣት አልችልም ነበር። እንቅልፍ ይነሣኛል፤ በዓመቱ ግን ተመልሼ እዚያው ጋ እቆማለሁ። ታሪኩ በተከታታይ ነው የተሣለው፤ አንዱ ሥዕል ላይ ይበላል፣ ቀጥሎ በውኃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም ይለምነዋል፣ ቀጥሎ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል፣ መጨረሻ ላይ ሚዛን። በአንዱ ወገን ሰባ ስምንት ነፍስ፣ በሌላው ጉሮሮ እንኳ አርሶ ያልጨረሰ ውኃ። አያቴ እጄን ይዛ «አየሽ? ጥርኝ ውኃ» ትለኝ ነበር። ሰው በላውን አይተሽ ካልደነገጥሽ ጥርኝ ውኃዋ ምን ያህል እንደምትከብድ በምን ታውቂያለሽ? ሠዓሊዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ሰው በላውን ለማለሳለስ አልደከሙም። የእኛና የጃፓኑ ልዩነት አያቴ አጠገቤ መቆሟ ነው። የአንቺ ልጅ የራሱን ግድግዳ ብቻውን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያየው። አያቱ የሉም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልምጣ። መከልከልን አሜሪካኖች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስፈሪ ኮሚክ እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር። ፍሬድሪክ ወርዝሃም የሚባል የአእምሮ ሐኪም፣ እነዚህ ሥዕሎች ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋሉ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም በሚባል ሰፈር ለድኾች ክሊኒክ የከፈተ፣ እንደ አንቺ የተጨነቀ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1954 የአሜሪካ ሴኔት ጉዳዩን ይዞ ምስክር ሰማ። በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አወጡ፤ ሙት አይነሣ፣ ደም መጣጭ አይኑር፣ ርዕስ ላይ «አስፈሪ» የሚል ቃል አይግባ። ብዙ አሳታሚ ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የሐኪሙን የግል ሰነዶች ስታገላብጥ፣ ልጆቹ የነገሩትን እየለወጠ፣ እየቆረጠና እየቀጠለ እንደጻፈ አገኘች። ልጆቹ ሌላ ብዙ ነገር ነግረውት ነበር፤ የቤታቸውን፣ የሰፈራቸውን መከራ። እሱ ኮሚኩን ብቻ ሰማ። አንቺም ስልኩን ብትቀሚው ኮሚኩን ታስወግጃለሽ፤ ስለ አያቱ የነገረሽ ግን ያልተሰማ ሆኖ ይቀራል።

አትከልክዪው ስልሽ ልቅ ይሁን ማለቴ እንዳይመስልሽ። ታናሽ ካለው እሷ ወይም እሱ አጠገብ አያንብብ፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆን ነገር አይደለም። ሌሊት አይሁን፣ ቀን ይሁን፤ ሳሎን ይሁን። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ለ16 ዓመትም የማይሆኑ አሉ፤ አብረሽ ካየሽ ትለያቸዋለሽ። ጠበሉን አልቃወምም፤ ከፈለግሽ አብራችሁ ሂዱ። ግን ለልጁ የቅጣት መንገድ እንዳይሆንበት። አዝኖ ስለጠየቀ ጋኔን አለብህ የተባለ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ እንደ ነርስ ልንገርሽ። እንቅልፉና ምግቡ ለሳምንታት ከተዛባ፣ ይወደው የነበረውን ኳስም ጓደኛም ከተወ፣ የሚሳሳለትን ዕቃ ለሰው መስጠት ከጀመረ፣ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ አማኑኤል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ውሰጂው። በቀጥታም ጠይቂው፤ «መሞት ያምርሃል ወይ?» በይው። ብጠይቀው አስታውሰዋለሁ ብለሽ አትፍሪ። በጥያቄ የመጣበት ሰው አላየሁም፤ ጠያቂ አጥቶ የሄደ ግን አይቻለሁ። ከደብዳቤሽ እንደማየው ልጅሽ እዚያ አልደረሰም። ሥዕል እየሣለ ነው፣ እየጠየቀ ነው፣ ለአንቺም መልሶልሻል። ቢሆንም በእኔ ግምት አትተማመኚ፤ ራስሽ ጠይቂው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይከብዳል። ለምን እንኖራለን ሲልሽ ምን ትያለሽ?

ያው ኢቶ «ረጅሙ ሕልም» የሚል ሌላ ታሪክ አለው፤ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚካሄደው፣ ለዚህ ይሆናል የምወደው። አንድ ሕመምተኛ ሕልሙ በየሌሊቱ ይረዝማል። መጀመሪያ ቀናት፣ ከዚያ ዓመታት፣ ከዚያ ዘመናት። በአንዲት ሌሊት ውስጥ ማለቂያ የሌለው ዕድሜ ኖሮ ጠዋት ይነቃል፤ በነቃ ቁጥር መልኩ ከሰው መልክ እየራቀ ይሄዳል። በዚያው ሆስፒታል ሞትን ክፉኛ የምትፈራ ወጣት ተኝታለች። ሐኪሙ ሁለቱን አይቶ፣ ለሞት ፍርሃቷ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ያስባል። ከዚህ በላይ አልነግርሽም፤ ከልጅሽ ጋር አንብቢው። «አንድ ሌሊት ሺህ ዓመት ቢሆንልህ ምን ትሠራበታለህ?» ብለሽ ጠይቂው፤ እሱም መልሶ ይጠይቅሻል።

እኔ ያን ታሪክ ሳነብ ያስታወስኩት አንድ የሰላሌ ገበሬ ነው። የወንዶች ዋርድ፣ ነሐሴ፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ሽማግሌው በየሰዓቱ «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉኛል። ቶሎ እንዲነጋላቸው የፈለጉ መስሎኝ «ሊነጋ ነው አባባ» እላቸዋለሁ። በአራተኛው ሌሊት «አንቺ ልጅ፣ አታስነጊብኝ፤ በነጋ ቁጥር አንድ ይጎድላል» አሉኝ። መርፌዬን አስቀምጬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቀን ቢጨመርልዎ ምን ያደርጉበታል አልኳቸው። ሰማይ ቤትን የሚያነሡ መስሎኝ ነበር። «ጤፉ አረም ላይ ነው» አሉኝ። «ልጆቹ አረሙን ከጤፉ አይለዩትም፤ ገና ቡቃያ ሳለ አንድ ናቸው፤ ሥሩን ነው ማየት።» ከዚያ በጣቶቻቸው፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ እንዴት እንደሚነቀል ያሳዩኝ ጀመር። ጣታቸው አብጦ ነበር፤ ግን በጥንቃቄ አንዱን ክር ከሌላው እየለዩ። እስኪነጋ አስተማሩኝ። ሐሙስ ዕለት ዐረፉ። የሰው ልጅ ለምን ይኖራል ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን እሳቸውን ካወቅሁ ወዲህ ጥያቄውን ስሰማ የሚታየኝ ያ ብርድ ልብስ ነው።

ለልጅሽ የሚሆን የተዘጋጀ መልስ ከእኔ አትጠብቂ። «አላውቅም» ብለሽ ብትጀምሪ አያፍርብሽም። ግን አላውቅም ብለሽ አትነሺ፤ እዚያው ተቀመጪ። አያቱ ምን ታስተምረው እንደነበር ጠይቂው። እኔ ሥራ ስውል ምን ታደርጉ ነበር በይው። የማታውቂው ብዙ ነገር አለ፤ አንቺ ሥራ ነበርሽ። እናትሽን የምታገኚያት በእሱ አፍ ነው።

አንድ ሌላ ጃፓናዊም ልጥቀስልሽ፤ ካዙኦ ኡሜዙ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በ88 ዓመቱ ያረፈው። ኢቶ ልጅ ሆኖ እህቶቹ በሚያነቧቸው መጽሔቶች ላይ የእሱን ሥራ እያየ ነው ያደገው። ኡሜዙ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 የሣለው «ተንሳፋፊው መማሪያ ክፍል» የሚል ረጅም ታሪክ አለ። አንድ ልጅ ጠዋት ከእናቱ ጋር ይጣላል፤ ሁለተኛ ወደዚህ ቤት አልመለስም ብሎ ይወጣል። በዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ ከነልጆቹ ከምድር ላይ ይጠፋል፤ ራሳቸውን የሚያገኙት ሁሉ ነገር በጠፋበት፣ ምድር አሸዋ በሆነችበት በሩቅ ወደፊት ነው። አዋቂዎቹ ቶሎ ያብዳሉ፤ ልጆቹ ይቀራሉ። ከዚህ ወዲያ ያለው ረሃብ፣ ወረርሽኝ፣ ጭራቅ ነው፤ ያስፈራል። በዚህ ወገን፣ ልጁ በተለየው ዘመን፣ ግን እናትየዋ አለች። ሰው ሁሉ ልጅሽ ሞቷል ይላታል፤ ባሏም ጭምር ያበደች ይመስለዋል። የልጇ ጩኸት ከሩቅ ዘመን ሲደርሳት፣ ሮጣ አንድ ሆቴል ትገባና ግድግዳውን ፈልፍላ ቢላዋ ትደብቅለታለች። ልጁ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በፈረሰው ሆቴል ውስጥ፣ ያንን ቢላዋ ያገኘዋል። በእነዚያ ሁሉ አስፈሪ ገጾች መካከል ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው። ሆቴል ውስጥ ግድግዳ የምትፈለፍል እናት ስታይ ሰው ሁሉ እብድ ይላታል፤ ልጇ ብቻ ነው ምን እየሠራች እንደነበር የሚያውቀው።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ሥዕሉን ስለቀደድሽው ይቅርታ ጠይቂው። ደንግጬ ነው በይው፤ እውነት ነውና። ቁርጥራጩን ካልጣልሽው ይዘሽለት ግቢ፤ በስኮች አብራችሁ ለጥፉት። ጥር ላይ ሙት ዓመቷ ሲመጣ ደግሞ ወንበር አቀብል ብቻ አትበሉት፤ ለአያቱ የሚሠራው አንድ የራሱ ነገር ይኑረው፣ ምን እንደሚሆን እሱ ይምረጥ።

ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው ላይ፣ ያንን የተራራውን ታሪክ አሳየኝ በይው። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ መጀመሪያ ግራ ይገባሻል፣ ታገሺ። ገጹን ግን አንቺ አትግለጪው። እሱ ይግለጠው፤ የትኛው ላይ ዓይንሽን መጨፈን እንዳለብሽ አስቀድሞ ይነግርሻል።